ኤራንጊስን በእንጨት ላይ ማሳደግ፦ ሁሉም ነገር ሥሩ በሚደርቅበት ሰዓት ይወሰናል

ኤራንጊስ ሉቴኦአልባ ሮዶስቲክታ ከካሜሩን እስከ ኢትዮጵያና ታንዛኒያ ባሉ ደኖች፣ ብዙውን ጊዜ በወንዝ ዳር ዛፎች ቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ የሚበቅል ትንሽ ኦርኪድ ነው። ቅጠሉ ጠባብ ነው፤ ርዝመቱም ቢበዛ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አበባው ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ ደማቅ ቀይ ነጥብ አለው። የበሰለ ተክል በአንድ ዘንግ ላይ ከአስር በላይ አበቦችን በሁለት ረድፍ ደርድሮ ያወጣል። ቦታ አይፈጅም፣ ብዙ ብርሃን አይጠይቅም፤ ስለዚህ ለቤት የሚመች ዝርያ ነው። ግን በአንድ ነገር ላይ ፈጽሞ አይደራደርም፦ ሥሩ በየቀኑ በደንብ መርጠብ፣ በዚያው ቀንም መድረቅ አለበት። ከዚህ በታች ስለ እንጨት፣ ስለ ቦታ፣ ስለ አየርና ስለ ማዳበሪያ የምለው ሁሉ ወደዚህ ነጥብ የሚመለስ ነው።

ዛፍ ላይ ይበቅላል ሲባል ዛፉን ይመገባል ማለት አይደለም። ዛፉ መቆሚያው ብቻ ነው። ውሃውን ከዝናብና ከጤዛ፣ ንጥረ ነገሩን ደግሞ ቅርፊቱን እያጠበ ከሚወርደው ውሃ ያገኛል። በአፈር ውስጥ ከተተከለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ምንም ያህል ጥሩ አፈር ቢሆን ለውጥ የለውም።

ምክንያቱን ለመረዳት ሥሩን ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ደረቅ ሥር ብርማ ግራጫ ነው። የውሃ ጠብታ ሲያሳርፉበት ጠብታው ያረፈበት ቦታ ዓይንዎ እያየ አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴውም ግራና ቀኝ እየሰፋ ይሄዳል። ሥሩን ቬላመን የሚባል ሽፋን ከብቦታል። ይህ ሽፋን ባዶ ከሆኑ የሞቱ ሕዋሳት የተሠራ በመሆኑ ውሃን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። በአየር ሲሞላ ግራጫ ይመስላል፤ ውሃ ሲሞላው ብርሃን ያሳልፍና ውስጥ ያለው አረንጓዴ ክፍል ይታያል። ችግሩ ሽፋኑ በውሃ ተሞልቶ ሲቆይ ለውስጠኛው ክፍል በቂ አየር አለመድረሱ ነው። ለጥቂት ሰዓታት ይህ ጉዳት የለውም፤ ቀንና ሌሊት ሲቀጥል ግን ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያም ይበሰብሳል። ስለዚህ የውሃ መጠኑን ከመቁጠር ይልቅ ሥሩ ከአረንጓዴ ወደ ግራጫ ለመመለስ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ይቁጠሩ። ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ከሆነ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። በግማሽ ሰዓት ከደረቀ አየሩ በጣም ደረቅ ነው፤ ምሽት ላይም አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ወይ ከሥሩ በታች የተነጠፈው ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ትንሽ ተክል) በዝቷል፣ ወይ የአየር እንቅስቃሴው አንሷል።

ሲገዙ

በችግኝ ጣቢያ ከዘር የበቀለ ተክል ይግዙ። የኦርኪድ ዘር ዱቄት የሚያክል ነው፤ የራሱ ስንቅ ስለሌለው በተፈጥሮ የሚበቅለው በፈንገስ እርዳታ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሉዊስ ክኑድሰን ዘሩ በስኳርና በማዕድን ጨው በተዘጋጀ ጄል ላይ ያለ ፈንገስ ሊበቅል እንደሚችል ካሳየ ወዲህ ከዱር የሚነቀልበት ምንም ምክንያት የለም። ሁሉም የኦርኪድ ዝርያዎች የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይቴስ ስምምነት ውስጥ የተካተቱ ናቸው፤ ከዱር የተነቀለን ተክል ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ሕገ ወጥ ነው። ከሕጉም ባሻገር፣ ከዱር የመጣ ኤራንጊስ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም፤ ሲነቀል ሥሩ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ነው። ሥሮቹ በአንድ ርዝመት የተቆረጡ፣ ቅጠሉ የተቧጨረና የዛፍ ሽበት የያዘው፣ የቅርፊት ስባሪ የተጣበቀበት ከሆነ ጥርጥር የለውም፣ ከዱር ነው። ይተዉት።

ጥሩ ተክል ቢያንስ አራት ጠንካራ ቅጠሎችና ጫፋቸው አረንጓዴ ወይም ቀይ ቡናማ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ሁለት ሦስት ሥሮች አሉት። ያ የሚያብረቀርቅ ጫፍ ሥሩ በማደግ ላይ መሆኑን ያሳያል። እኔ ከአበባው ይልቅ ይህን አይቼ ነው የምመርጠው።

እንጨት ላይ ማሰር

በትንሽ የሸክላ ማሰሮም ማሳደግ ይቻላል፤ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከ8 እስከ 15 ሚሊ ሜትር በሆነ የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ የተሞላ ይሁን። አየሩ ደረቅ ለሆነበት ቤት ይህ ያግዛል። ነገር ግን በማሰሮ ውስጥ ሥሩ ስለማይታይ የመድረቂያ ሰዓቱን ማወቅ አይቻልም፤ ቅርፊቱም በሁለት ዓመት ገደማ ስለሚበሰብስ መቀየር አለበት፣ ኤራንጊስ ደግሞ ሥሩ ሲነካ አይወድም። በእንጨት ላይ ከታሰረ ግን ለዓመታት ሳይነካ ይኖራል። እኔ እንጨቱን እመርጣለሁ።

ምርጡ ቡሽ የሚሠራበት የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሥርም በደንብ ይይዝበታል። እሱ ከሌለ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ቅርፊቱ ሻካራና የማይላጥ፣ ጠንካራ ደረቅ ቅርንጫፍ ይሆናል። ለስላሳ እንጨት በአንድ ዓመት ውስጥ ይሻግታል። ሙጫ የሚያወጣ፣ ቀለም የተቀባ ወይም የምስጥ መከላከያ የተረጨበት እንጨት ፈጽሞ አይሆንም። መጠኑ ለዛሬው ተክል ሳይሆን ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚኖረው ይሁን፦ ለአንድ ወጣት ተክል 8 በ15 ሳንቲ ሜትር አይበዛበትም።

የማሰሪያው ጊዜ አዲስ የሥር ጫፍ ብቅ ሲል፣ ገና ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ነው። አዲሱ ሥር ከተፈጥሮው የሚጣበቅ ስለሆነ እንጨቱን የሚይዘው እሱ ነው፤ አሮጌው ሥር በአዲስ እንጨት ላይ ብዙም አይጣበቅም። ሥር በማያበቅልበት ወቅት የታሰረ ተክል ለወራት ሳይረጋ ይቆያል።

እንጨቱን አንድ ሙሉ ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ውሃው ከጠቆረ ይቀይሩትና ይድገሙት። በብሩሽ ይሹት። በላይኛው ጫፍ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጥተው ማንጠልጠያ ያስገቡ። ማንጠልጠያው ከማይዝግ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም ሽቦ ይሁን፤ መዳብና ዚንክ የተቀባ ሽቦ እየሟሸሸ ከውሃው ጋር ስለሚወርድ ሥሩን ይጎዳል። የተክሉን ሥር ለ20 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ያቆዩት፤ ደረቅ ሥር ሲታጠፍ ይሰበራል፣ የረጠበው ግን ይታዘዛል። የሞቱትን ይቁረጡ፦ ሲጫኑት ልፍስፍስ የሚል፣ ልባሱ ተገፍፎ መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ የሚቀረው ሥር ሞቷል። ጠንካራ ከሆነ ግን ቀለሙ ቡናማም ቢሆን ይተዉት።

ቀጥሎ ስፋግነም ሞስ ነው። የሚያስፈልገው በሁለት ጣት የሚቆነጠር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በእንጨቱና በሥሩ መካከል በስሱ ይነጠፋል። ሥሩን ከላይ አይሸፍንም፤ የግንዱንም ሥረ መሠረት አይነካም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለተክሉ አዝኖ ሞሱን ይቆልልበታል። ወፍራም ሞስ ከላይ ደርቆ ሲታይ ከውስጥ ርጥብ ስለሚሆን፣ ሥሩ በማይታይበት ቦታ ይበሰብሳል።

አሁን ተክሉን ያስቀምጡ። የቅጠሎቹ መሃል፣ ማለትም አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ልብ፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን። በተፈጥሮም ተንጠልጥሎ ነው የሚያድገው። ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ከታሰረ ውሃ በልቡ ውስጥ ያቁራል፤ ኤራንጊስ የሚያድገው ከዚያች አንድ ልብ ብቻ ስለሆነ እሷ ከበሰበሰች እድገቱ ይቆማል። ሥሮቹን ግራና ቀኝ ዘርግተው ቀጭን የዓሣ ማስገሪያ ናይለን ክር በሁለት ሦስት ቦታ ያዙሩባቸው። ክሩ በግንዱ ላይ ሳይሆን በሥሮቹ ላይ ይለፍ፤ ክሩ ሥር ይቆርጣል ብለው ከሰጉ ከናይለን ስቶኪንግ የተቆረጠ ስስ ጥብጣብ የተሻለ ነው። ሲጨርሱ እንጨቱን በቀስታ ይነቅንቁት። ተክሉ ለብቻው የሚወዛወዝ ከሆነ ፈትተው እንደገና ይሰሩ። አዲሱ የሥር ጫፍ እጅግ ለስላሳ ነው፤ ተክሉ በተወዛወዘ ቁጥር ጫፉ ከእንጨቱ ጋር ይፋተግና እድገቱ ይቆማል። ውሃውም ቦታውም ተስተካክሎ እያለ ለስድስት ወር ሥር የማያወጣ ተክል ካለዎት፣ መጀመሪያ የሚመረምሩት ይህን ነው።

የተቆረጠ ሥር ካለው ለሁለት ቀን ሥሩን አያርጥቡ፤ ቁስሉ ይድረቅ። አዲስ ሥሮች እንጨቱን ሲይዙ፣ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ዓመት በኋላ፣ ክሩን ያውጡ።

ውሃና ማዳበሪያ

ጠዋት እንጨቱን ከነተክሉ በባልዲ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ ልቡ ከውሃው በላይ ይሁን። ወይም ሥሩ በሙሉ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ በመርጫ በተደጋጋሚ ይርጩ። አንድ ጊዜ ረጭቶ ማለፍ አይበቃም፤ ሽፋኑ ላይ ላዩን ብቻ ይርሳል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይደርቃል። የቤቱ የአየር እርጥበት ከ60 እስከ 80 በመቶ ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። ወደ 50 በመቶ ከወረደ ከሰዓት በኋላ ይድገሙ፤ ግን ከመጨለሙ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይሁን። ብርድ በሚሆንበትና አዲስ ሥር በማይታይበት ወቅት በሁለት ቀን አንዴ ማድረግ ይቻላል፤ ሙሉ በሙሉ ማቆም ግን አይደለም። ይህ ዝርያ ውሃ የሚያከማችበት ወፍራም ግንድ የለውም፤ ያለው ቅጠልና ሥር ብቻ ነው።

የውሃው ጥራት ከሌሎች ኦርኪዶች ይልቅ እዚህ ላይ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በእንጨት ላይ የቀረው ጨው በየቀኑ እየደረቀ ይጠነክራል። የዝናብ ውሃ ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውሃ ምርጥ ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ በቲዲኤስ መለኪያ (በውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨውና ማዕድን በሚለካ መሣሪያ) ሲታይ በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በታች ቢሆን ጥሩ ነው። በጨው የሚሠራ ማለስለሻ ያለፈ ውሃ አይጠቀሙ፤ ካልሲየሙ በሶዲየም ተተክቷል፣ ሶዲየሙም ሥሩን ያቃጥላል። ጨው ሲበዛ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የሥሩ ጫፍ ይጠቁራል፣ በሞሱና በእንጨቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል።

ማዳበሪያው ከዩሪያ ነፃ የሆነ፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለው ይሁን። ዩሪያ በአፈር ውስጥ ለተክል የሚመቸው በአብዛኛው በባክቴሪያ ከተለወጠ በኋላ ነው፤ በየቀኑ በሚደርቅ ባዶ እንጨት ላይ ደግሞ ያ ሥራ በደንብ አይሠራም። በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለተጣራ ውሃ የተዘጋጀው 13-3-15 የሚባለው ዓይነት ይስማማዋል፤ የመጀመሪያው ቁጥር የናይትሮጅኑ መቶኛ ነው። መጠኑ በሊትር 0.3 ግራም ነው፤ ይህም በሊትር 39 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይሆናል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሥር በሚያድግበት ወቅት። እድገት ሲቆም በወር አንዴ ይበቃል፤ በየወሩም አንድ ቀን በንጹሕ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ ይጠቡት።

እዚህ ላይ ከተለመደው ምክር እለያለሁ። “መጀመሪያ ውሃ ያጠጡ፣ ከዚያ ማዳበሪያ” የሚለው ለአፈር ተክል ልክ ነው። ለዚህ ኦርኪድ ግን ቬላመኑ መጀመሪያ ያገኘውን ፈሳሽ መጥጦ ይሞላል፤ ሞልቶ ካበቃ በኋላ የሚመጣው አብዛኛው ላይ ላዩን ይፈስሳል። በተፈጥሮም በንጥረ ነገር የበለጸገው የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታ ነው፤ ቅርፊቱን አጥቦ የሚመጣው እሱ ነውና። ስለዚህ ቀጭኑን ማዳበሪያ በደረቁ ሥር ላይ ይስጡ። በ0.3 ግራም መጠን አያቃጥልም፤ በማዳበሪያው ፓኬት ላይ በተጻፈው ሙሉ መጠን ግን እንዳይሞክሩት።

ብርሃን፣ ሙቀትና አየር

ከ10,000 እስከ 15,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይበቃዋል፤ የስልክ መለኪያም ለግምት ይሆናል። መለኪያ ከሌለ እጅዎን ከቅጠሉ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይያዙ፦ ጠርዙ የደበዘዘ ቀላል ጥላ ከታየ ልክ ነው፤ ጥላው ጥርት ያለ ከሆነ በዝቷል። ጥቁር አረንጓዴ፣ ረዘም ብሎ የላላ ቅጠል የብርሃን እጥረት ነው፤ ወደ ቢጫ የሄደና ቀላ ያለ ቅጠል ደግሞ ከመጠን ያለፈ ብርሃን ነው። በኤልኢዲ ከሆነ በቀን 12 ሰዓት ያብሩ፤ ርቀቱን ሉክሱን እየለኩ ያስተካክሉ። ቀን ከ22 እስከ 27፣ ሌሊት ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይመቸዋል። የሌሊቱ መቀዝቀዝ ለአበባ ይጠቅማል።

እርጥበት ያለ አየር እንቅስቃሴ አደገኛ ነው። ትንሽ ማራገቢያ ወደ ግድግዳ ዞሮ ሌሊትም ይሥራ፤ ቅጠሉ በጭንቅ የሚንቀሳቀስ ያህል ከሆነ በቂ ነው። በተዘጋ የመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚያሳድጉ ሰዎች እርጥበቱን 90 በመቶ አድርሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ተክሉን በልብ ብስባሴ የሚያጡት በዚህ ምክንያት ነው።

አበባው

የአበባ ዘንግ ከታችኞቹ ቅጠሎች ብብት ይወጣል፤ ከሥር ጋር ይምታታል። የሥር ጫፍ ክብና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የዘንግ ጫፍ ሾጠጥ ብሎ በትናንሽ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ዘንጉ አድጎ እስኪፈነዳ ወራት ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ እንጨቱን አያዙሩ። አበቦቹ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ ስለሚያስተካክሉ፣ በየጊዜው የሚዞር ተክል ረድፉ የተዘበራረቀ አበባ ያወጣል። እምቡጦቹ ቢጫ ሆነው ሳይከፈቱ ከረገፉ ሥሩ ደርቆ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካልሆነም በአካባቢው የሚበስል ፍራፍሬ እንዳለ ይፈልጉ፤ ከፍራፍሬ የሚወጣው ኤትሊን ጋዝ እምቡጥ ያረግፋል። ከአራት ቅጠል በታች ያለው ተክል ዘንግ ካወጣ ዘንጉን ይቁረጡት። ያሳዝናል፣ ግን ትንሽ ተክል ያለውን ሁሉ ለአበባ ሰጥቶ ሊሞት ይችላል።

ሲታመም

ቅጠሉ ሲሸበሸብ ሰው ወዲያውኑ ውሃ ይጨምራል። ግን በውሃ ጥማትና በሥር ብስባሴ የሚመጣው ሽብሽብ አንድ ዓይነት ነው፤ በሁለቱም ቅጠሉ ውሃ አጥቷል። የሚለየው ሥሩ ነው። ሥሩ ጠንካራና ግራጫ ከሆነ ጠምቶታል፤ የመዘፍዘፊያውን ጊዜ ያርዝሙ። ልፍስፍስ ካለ በስብሷል፤ ሞሱን ያንሱ፣ ማራገቢያውን ያቅርቡ።

በቅጠሉ ላይ ውሃ ያዘለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍና የሚሸት ቦታ ከታየ ባክቴሪያ ነው፤ በፍጥነት ይሰፋል። በእሳት በተለበለበ ምላጭ ከጤናው ክፍል አንድ ሳንቲ ሜትር ገብተው ይቁረጡ፤ ቁስሉ ላይ ቀረፋ መነስነስ ይቻላል፣ ሥር ላይ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ያደርቀዋል። ምላጩን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሄዱ ሁልጊዜ ይለብልቡ፤ ቫይረስ የሚተላለፈው በዋናነት በመቁረጫ ነው፣ መድኃኒትም የለውም። ከቅጠሉ ጀርባ ደቃቅ ነጠብጣብና ድር ከታየ ቀይ ሸረሪት ነው፤ አየሩ ሲደርቅ ይመጣል። በለብ ያለ ውሃ ይጠቡት፣ በሳሙና ውሃ በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ይርጩ። የሥር ጫፎች በሌሊት ተቆርጥመው ካደሩ ቀንድ አውጣ ወይም ዛጎል የሌለው ዘመዱ ነው፤ በመብራት ፈልገው በእጅ ይልቀሙት።

ሥሩን በሙሉ ያጣ ተክልም ቅጠሉና ልቡ ካልሞቱ ተስፋ አለው። የሞተውን ሥር ቆርጠው ለአንድ ቀን ያድርቁት። ከዚያ ግልጽ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ታች ርጥብ ሞስ አንጥፈው፣ ተክሉን ሞሱን ሳይነካ በሽቦ ወንፊት ላይ ያስቀምጡት። ክዳኑን በጣት ያህል ከፍተው በጥላ ቦታ፣ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ያቆዩት፤ በየቀኑም ለጥቂት ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት። ማዳበሪያ አይስጡት። አዲስ ሥር ብቅ ለማለት ወራት ሊወስድ ይችላል። ሥሩ 1 ሳንቲ ሜትር እንደደረሰ፣ ከዚያ በላይ ሳይረዝም፣ ወደ እንጨቱ ይውሰዱት፤ ክዳኑን ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየከፈቱ ደረቁን አየር ካለማመዱት በኋላ ይሁን። ሥሩ እንጨቱን ሲይዝ በሊትር 0.15 ግራም ማዳበሪያ ይጀምሩለት።